ኮሎስቶሚ ተዘግቶ ሰገራ መቋጠር፦ ከዝግጅት እስከ ማገገሚያ፣ ደረጃ በደረጃ

ኮሎስቶሚ (ትልቁ አንጀት ሆድ ቆዳ ላይ ተከፍቶ ሰገራ ወደ ከረጢት የሚወጣበት ቀዳዳ) ያለው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "መቼ ነው የሚዘጋልኝ?" ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ "ቢዘጋልኝ መቋጠር እችላለሁ ወይ?"

አንጀትን መልሶ ማገናኘት አንድ ሥራ ነው፣ ሰገራ መቋጠር ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያውን ቀዶ ሐኪሙ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ከኦፕራሲዮኑ ወራት ቀድሞ ይጀመርና ከተዘጋም በኋላ ወራት ይፈጃል፤ አብዛኛው ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። ሰው የሚቸገረው ይህኛው ላይ ነው። አንዱ ስንት ወር ወረፋ ጠብቆ ደሙ አንሶ ከኦፕራሲዮን ክፍል በር ይመለሳል። ሌላው የፊንጢጣው ጡንቻ ሳይፈተሽ ይዘጋለትና ዳይፐር አድርጎ ቤት ይቀመጣል። ሦስተኛው ደህና ተዘግቶለት ሳለ በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሦስቱም ነው።

ከታች "ሐኪም ይወስን" ያልኩትን በራሳችሁ አትሞክሩት። ሌላውን ግን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ።

ደረጃ 1፦ ምን ዓይነት ኮሎስቶሚ እንዳላችሁ እወቁ

"አንጀቴ ታጥፎ ቆርጠው አወጡልኝ" ማለት ለቀጣዩ ሐኪም አይበቃውም። የሚያስፈልገው የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ነው፤ ሲወጡ የሚሰጠው አጭር ወረቀት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይነግረውም። ካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ሂዱና ኮፒ ጠይቁ። እነዚህ አራቱ መልስ ማግኘት አለባቸው፦

1. ኮሎስቶሚው ለምን ወጣ? መጠምዘዝ፣ ጉዳት፣ ካንሰር፣ የወሊድ መቀደድ?
2. ምን ያህል አንጀት ተቆረጠ?
3. የታችኛው ጫፍ የት ነው ያለው፣ ምን ያህልስ ቀርቷል?
4. ፊንጢጣውና የሚዘጋው ጡንቻ በቦታቸው አሉ?

ቀዶ ሕክምናው ሌላ አገር፣ ለምሳሌ በዓረብ አገር ሥራ ላይ እያላችሁ ተደርጎ ከሆነ፣ ወደ አገር ከመመለሳችሁ በፊት ማስታወሻውንና ናሙና ተወስዶ ከሆነም ውጤቱን በእጃችሁ አስገቡ። ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ወረቀት ማስላክ ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ ዓይነቱ።

ባለ ሁለት አፍ ከሆነ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ አልተለያየም፤ ሉፕ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በዚያው በቀዳዳው በኩል ስለሆነ ኦፕራሲዮኑ ቀለል ይላል።

ባለ አንድ አፍ ሆኖ የታችኛው ጫፍ ተሰፍቶ ሆድ ውስጥ ከቀረ ሃርትማን የሚባለው ነው። በአገራችን፣ በተለይ በደጋው አካባቢ፣ ሲግሞይድ የሚባለው የአንጀት ክፍል ተጠምዝዞና ጠቁሮ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም ይህን ይዘው ነው የሚወጡት። መልሶ ለማገናኘት ብዙውን ጊዜ ሆድ እንደገና ይከፈታል፣ ስለዚህ ይከብዳል።

በሬክተም (ከፊንጢጣ በላይ ባለው የመጨረሻ የአንጀት ክፍል) ካንሰር ምክንያት ፊንጢጣው ራሱ ወጥቶ ከታች የተሰፋ ከሆነ፣ በተለመደው መንገድ አይዘጋም። እናንተ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ፤ ለእናንተም መንገድ አለ።

አንዳንዱ ኮሎስቶሚ ደግሞ የሚወጣው ከታች ያለው ጥገና እስኪድን ሰገራ እንዳይነካው ነው። በወሊድ ጊዜ የተቀደደ ጡንቻ፣ ፊስቱላ (ሊኖር የማይገባ የሚያፈስ ቀዳዳ)፣ የመኪና አደጋ እዚህ ይገባሉ። ለእነዚህ ዋናው ጉዳይ የጥገናው መዳን ነው፤ እሱ ሳይረጋገጥ መዝጋት አይታሰብም።

ደረጃ 2፦ ጊዜው መድረሱን አረጋግጡ

ባለ ሁለት አፍ የሆነው በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ይዘጋል። ሃርትማን ደግሞ ቢያንስ 3 ወር፣ ብዙ ጊዜ 6 ወርና ከዚያም በላይ ይጠበቅለታል። ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሆድ ውስጥ አንጀቶችን እርስ በርስ ስላጣበቀ ነው። ያ መጣበቅ እስኪላላ ካልተጠበቀ ሐኪሙ ሲያላቅቅ አንጀት ሊቀደድ ይችላል። የካንሰር መድኃኒት ወይም ጨረር ላይ ያለ ሰው ሕክምናው አልቆ ሰውነቱ እስኪያገግም ይጠብቃል።

"ዓመታት አልፈውኛል፣ አበቃልኝ" የምትሉ፣ አላበቃም። ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየ ሬክተም ይጠባል፣ ጡንቻውም ይሰንፋል፣ ግን ተፈትሾ የሚዘጋለት ሰው አለ። የእናንተ ደረጃ 3 እና 5 ላይ ጠንከር ማለት አለበት፣ ያ ነው ልዩነቱ።

ደረጃ 3፦ የታችኛውን መንገድ አስፈትሹ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሐኪሙ ራሱ ካላነሳው እናንተ አንሱት። "ከመዘጋቱ በፊት ጡንቻዬ ይታይልኝ" በሉ፣ ሐፍረት የለውም።

መጀመሪያ እውነቱን ተናገሩ። ኮሎስቶሚ ከመውጣቱ በፊት ሰገራ ወይም ፈስ ያመልጣችሁ ነበር? በወሊድ ጊዜ እስከ ፊንጢጣ ተቀደዳችሁ ነበር? ከታች በጨረር ታክማችኋል? የኪንታሮት ወይም የፊስቱላ ኦፕራሲዮን ነበራችሁ? በባህል ሐኪም የተቆረጠ ነገር አለ? በተለይ እናቶች ይህን ይደብቃሉ። የተደበቀው ነገር ኮሎስቶሚው በተዘጋ ማግሥት ራሱን ይገልጣል።

ከዚያ ምርመራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦

1. የጣት ምርመራ። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ጣቱን ያስገባና "ጭመቅ" ይላል። ጡንቻው በዙሪያው እኩል ይጨምቃል ወይስ በአንድ በኩል ክፍተት አለው? ይህ የአንድ ደቂቃ ምርመራ ብዙ ነገር ይናገራል።
2. በመሣሪያ ማየት። የቀረው ሬክተም ቁስለት፣ ጥበት ወይም እባጭ እንዳለው ይታያል። የላይኛው አንጀት ደግሞ በኮሎስቶሚው አፍ በኩል በኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ይታያል፣ በተለይ ምክንያቱ ካንሰር ከነበረ።
3. የቀለም ራጅ። ከታች በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ይገባና ፎቶ ይነሳል። ጥበት ወይም ወደ ፊኛና ወደ ሴት ብልት የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ እዚህ ላይ ይወጣል።
4. የመያዝ ሙከራ። ፈሳሽ ወይም ወፈር ያለ ነገር ወደ ታችኛው አንጀት ይጨመርና ሰውየው ቆሞ፣ ተራምዶ፣ ይይዘው እንደሆነ ይታያል። ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ቤት ውስጥ ውሃ እያስገባችሁ አትሞክሩት።

የጡንቻውን ግፊት የሚለካና በአልትራሳውንድ የሚያሳይ መሣሪያም አለ። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ከሌለ በጣትና በመያዝ ሙከራው መወሰን ይቻላል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ኮሎስቶሚ እያለ ከታች ነጭ ወይም ቢጫ ንፍጥ መውጣቱ የተለመደ ነው፣ ሬክተሙ ራሱ የሚያመነጨው ነው። መፀዳጃ ቤት ተቀምጣችሁ በቀስታ አስወጡት። ደም የቀላቀለ ወይም የሚሸት መግል ከሆነ ግን ለሐኪም ንገሩ።

ጡንቻው ደካማ ሆኖ ከተገኘ

አትዝጉ። ኮሎስቶሚው እንዳለ ሆኖ ጡንቻው ይታከማል፣ ይድናል፣ እንደገና ይፈተሻል፣ ከዚያ ነው የሚዘጋው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ጥገናው በሰገራ ተበክሎ ሊፈታ ይችላል።

የተቀደደ ጡንቻ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ተፈልገው ተደራርበው ይሰፋሉ። ጡንቻው ሳይቀደድ ነርቩ ከደከመ፣ ወገብ በታች ባለው ነርቭ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቀበርበት ሕክምና አለ፤ ውድ ነው፣ መጀመሪያ በጊዜያዊ መሣሪያ ለጥቂት ሳምንት ይሞከራል፣ ካልሠራ አይቀበርም። ጡንቻው ጭራሽ ከሌለ ከጭን ውስጠኛ ክፍል ቀጭን ጡንቻ ወስዶ በፊንጢጣ ዙሪያ መጠምጠም ይቻላል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ የሚሠራው በጥቂት ማዕከላት ብቻ ነው። ሌላው ትርፍ አንጀትን ወደ ሆድ ቆዳ አውጥቶ በእሱ በኩል ውሃ እየጨመሩ ትልቁን አንጀት ማጠብ ነው፤ በዋናነት ለልጆች ይሠራል። የትኛው እንደሚሆን ሐኪም ይወስን፣ እናንተ ግን አማራጩ ከአንድ በላይ መሆኑን አውቃችሁ ግቡ።

በወሊድ ምክንያት ለተጎዱ እናቶች የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ባሉት ማዕከሎቹ ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል። ጡንቻዋ የተጠገነላት ሴት ወደፊት ካረገዘች የእርግዝና ክትትሉ ላይ በመጀመሪያው ቀን ትናገር፤ ብዙ ጊዜ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ነው የሚመከረው።

ደረጃ 4፦ ሰውነታችሁን አዘጋጁ

ከቀጠሮው ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። የተገናኘ አንጀት የሚድነው በደምና በፕሮቲን ነው። ሁለቱ ካነሱ ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል፣ ያ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ችግር ነው።

ደማችሁን አስመርምሩ። ሄሞግሎቢን (የደም መጠን) እና አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ጠይቁና ጻፉ። አልቡሚን ከ3.5 ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካነሰ ምግብ ጨምሩና በወሩ አስደግሙ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ያላችሁን በቀን በቀኑ። ሽሮ ከረጢቱን በጋዝ ይነፋዋል ብላችሁ አትተዉት፣ ፕሮቲኑ ይበልጥባችኋል።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። የረመዳን ጾምም ከሆነ ለታመመ ሰው የተፈቀደለትን ተጠቀሙ። የሁዳዴን ሁለት ወር ያለ እንቁላልና ወተት ጨርሶ ሰውነቱ ደክሞ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንለትም።

ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድማችሁ አቁሙ፤ ደም ሥርን ያጠባል፣ ስፌቱ ደም ያጣል። ጫትም እንዲሁ ይቁም። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሦስቱም ለእናንተ ጠላት ናቸው። ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁን አስተካክሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ በራሳችሁ አታቁሙ፣ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ቀን ይስጣችሁ።

በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ተራመዱ። በኮሎስቶሚው ዙሪያ ያለው ቆዳ ከቆሰለም አሁን አድኑት፤ በቆሰለ ቆዳ ላይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ኢንፌክሽን መጥራት ነው።

ደረጃ 5፦ ጡንቻውን አሠልጥኑ

ኮሎስቶሚ ያለው ሰው ለወራት ፊንጢጣውን ጨምቆ አያውቅም፣ የሚያስጨምቀው ነገር አልነበረምና። ጡንቻ ካልሠራ ይሰንፋል። ሥልጠናው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ታክሲ ውስጥም ይሠራል፣ ግን በትክክል ካልተሠራ ይባስ ያደክማል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጡንቻችሁ በቅርቡ ከተሰፋ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትጀምሩ።

1. በጎን ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። አንድ እጃችሁን ኮሎስቶሚው አጠገብ ሆዳችሁ ላይ አድርጉ።
2. ሰው መሀል ፈስ ሊያመልጣችሁ ሲል እንደምትይዙት አድርጋችሁ ፊንጢጣችሁን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡት።
3. እስከ 5 እየቆጠራችሁ ያዙት። ትንፋሽ አትያዙ። ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ይረዳል፣ የሚናገር ሰው ትንፋሽ አይይዝም።
4. ሙሉ በሙሉ ልቀቁትና 10 ሰከንድ ዕረፉ። ማላላቱ የሥልጠናው ግማሽ ነው።
5. ይህን 10 ጊዜ ድገሙ። ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ 5 ጊዜ ጨምቃችሁ ልቀቁ።
6. በቀን 3 ጊዜ፦ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ሲለምዳችሁ መያዣውን ወደ 10 ሰከንድ አሳድጉ።

በትክክል እየሠራችሁ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ሆዳችሁ ላይ ያለው እጅ ይነግራችኋል። ስትጨምቁ የኮሎስቶሚው ሥጋ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም ሆዳችሁ ከጠነከረ እያማጣችሁ ነው፣ ያ ደግሞ ተቃራኒው ሥራ ነው። ቂጣችሁና ጭናችሁ ከተጨመቁም ተሳስታችኋል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ መስታወት ከታች አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ፊንጢጣው ሸብሸብ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ መታየት አለበት። ምንም ካልተንቀሳቀሰ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን በጣት ምርመራ ጊዜ እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት።

በሁለት ሳምንት ለውጥ አትጠብቁ። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ከመግባታችሁ በፊትና ዋዜማው

የሚያዝ ነገር፦ ማስታወሻችሁ፣ የላብራቶሪና የራጅ ውጤቶች፣ የጤና መድኅን ደብተር፣ ነጠላ ጫማ፣ ዳይፐር ወይም ወፍራም ሞዴስ፣ የዚንክ ቅባት፣ ሁለት ትርፍ ከረጢት። ትርፍ ከረጢቱ ለምን? ኦፕራሲዮኑ ሊዘዋወር ይችላል፣ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ከረጢት ልትወጡ ትችላላችሁ። አስታማሚ የሚሆናችሁን ሰው አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ደም ሲያይ የሚፈራ ወይም ሰገራ የሚጸየፍ ሰው አይሁን።

ደም ለጋሽ ዘመድ አምጡ ልትባሉ ስለምትችሉ ሁለት ሰው አዘጋጁ።

ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ውስጥ ገብታችሁ ማገናኘት ካልቻላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ስነቃ ሌላ ከረጢት ሊኖረኝ ይችላል ወይ? ከሆነስ ለስንት ጊዜ? ግንኙነቱ ወደ ታች በጣም ከቀረበ ሐኪሙ ስፌቱን ለመጠበቅ ከቀጭን አንጀት ጊዜያዊ መውጫ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ውድቀት ማለት አይደለም። ሳይነገረው ነቅቶ ከረጢት ያገኘ ሰው ግን ልቡ ይሰበራል።

አንጀት የማጽዳቱ ነገር ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ፈሳሽ ብቻ ይፈቀድና የሚያስቀምጥ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ሃርትማን ላላቸው ከታች ሬክተሙ ውስጥ የደረቀ ንፍጥ ድንጋይ ሆኖ ስለሚቀር በውሃ ይታጠባል። ይህ ሳይደረግላችሁ ወደ ጠረጴዛው እየሄዳችሁ ከሆነ ነርሷን አስታውሷት።

የተለመደው ሕግ ኦፕራሲዮኑ ሊጀመር 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ውሃ ማቆም ነው፤ የማደንዘዣ ባለሙያው የተለየ ካላችሁ የእሱ ይበልጣል። ወተት የገባበት ሻይ ምግብ ነው። "ትንሽ ነው የቀመስኩት" ብላችሁ አትደብቁ፣ በማደንዘዣ ውስጥ ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ቢቻል በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ከአልጋ ውረዱ። ስታስሉ ትራስ ሆዳችሁ ላይ ጨምቃችሁ ያዙ። እስከምትበሉ ድረስ የሚፈቀድላችሁን ፈሳሽ ጉንጭ ጉንጭ እያላችሁ ጠጡ። ዘመድ ያመጣውን ጥሬ ሥጋና ክትፎ መልሱት።

መጀመሪያ ፈስ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጭን ሰገራ፣ ምናልባት ጥቁር ደም ትንሽ የቀላቀለ። ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ አልጋው ላይ ፕላስቲክ አንጥፉ፣ ዳይፐር አድርጉ። ወራት ሙሉ ሥራ ፈቶ የነበረ ሬክተም ጋዙን ከፈሳሹ መለየት ገና ይማራል። በዚህ ሳምንት ያመለጠውን አትቁጠሩት።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ሌሊትም ቢሆን ነርስ አስጠሩ፣ ቤት ከገባችሁም በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

• ትኩሳት ከ38 በላይ፣ ወይም ብርድ ብርድ ማለት
• በዕረፍት ላይ ልብ በጣም መምታት
• እየቀነሰ የነበረ የሆድ ሕመም ተመልሶ መባስ፣ ሆድ እንደ ጣውላ መጠንከር
• ማስታወክና ፈስ ማቆም አንድ ላይ
• በቁስሉ ወይም በቱቦው በኩል ሰገራ መሰል ነገር መውጣት
• ብዙ ደም

እነዚህ ስፌቱ አፍስሷል ማለት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ልክ ሰው "ዳንኩ" ብሎ ቤቱ በሚገባበት ሰሞን። "እስኪ እስከ ሰኞ ልይ" አትበሉ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሐኪሙ ሳያዝ ከታች ምንም ነገር አይግባ። የሚከተት መድኃኒትም፣ ውሃም፣ ፈሳሽ የሚያስገባ መጭመቂያም። አዲስ ስፌት ይበሳል። ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒትም አይቀመስ።

ደረጃ 8፦ ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ወዲያ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ መፀዳጃ ቤት ሊያመላልሷችሁ ይችላሉ፣ በተለይ ሬክተማችሁ አጥሮ ከቀረ። ትንሽ ታስወጣላችሁ፣ ትነሣላችሁ፣ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። ይህ ቀስ እያለ ይሻሻላል፤ አብዛኛው ለውጥ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው የሚታየው።

ምግብ። ሁለት ሳምንት ለስላሳ ነገር ብሉ፦ አጥሚት፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አልጫ በትንሽ እንጀራ። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 5 ጊዜ። ከዚያ አንድ አዲስ ነገር በሁለት ቀን ጨምሩ፤ ሦስት ነገር አንዴ ከጨመራችሁ ያስቀመጣችሁን አታውቁትም። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ጎመንና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይምጡ። በርበሬ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ያቃጥላል፣ ቆዳው እስኪለምድ ተዉት። ጠንካራ ቡና አንጀትን ስለሚያስሮጥ ከቤት መውጫ ሰዓት ላይ አይጠጣ።

ሰዓት። ቁርስ ከበላችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ይነሣሣል። በዚያች ሰዓት በየቀኑ ተቀመጡ፣ ቢመጣም ባይመጣም። ከ10 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ፣ አታምጡ። የመቀመጫ ሽንት ቤት ከሆነ እግራችሁን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አሳርፉ።

ማዘግየት። ስሜቱ ሲመጣ አትሩጡ። ሩጫው ራሱ ሆድን ይጫናል፣ ያመልጣል። ቁሙ ወይም ተቀመጡ፣ ጨምቁ፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ ተንፍሱ፣ ከዚያ በእርጋታ ሂዱ። መጀመሪያ መፀዳጃው ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ደቂቃ አዘግዩ። ሲያዝላችሁ ወደ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ከመፀዳጃው ውጭ፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ሆናችሁ። የደረጃ 5 ጭመቃም ሐኪሙ ሲፈቅድ ይቀጥል።

መድኃኒት። ቀጭን ሆኖ የሚያስቸግር ከሆነ ሎፔራማይድ የሚባለውን ሐኪም ሊያዝላችሁ ይችላል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ይሻላል፣ ከአንድ 2 ሚሊግራም ፍሬ ይጀመራል። ትኩሳት ወይም ደም ያለው ተቅማጥ ካለ አይወሰድም።

ቆዳ። በወረቀት አትፈግፍጉ። በውሃ ታጠቡ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ አድርቁ፣ ዚንክ ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ገና ሳይቆስል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት።

ሸክም። ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ የእህል ጆንያ፣ እርሻ፣ ሁሉም ይቆይ። ኮሎስቶሚው በነበረበት ቦታ እበጥ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

የማይሄድ ነገር ሲኖር

ሰገራው እንደ እርሳስ ከቀጠነና ማማጥ ከበዛ፣ የተገናኘበት ቦታ ጠቦ ይሆናል። ሐኪም መልሶ ሰፊ ያደርገዋል፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት እየዋጣችሁ አትደብቁት።

ሆድ ከደረቀ ውሃ ጨምሩ፣ ፓፓያ ብሉ፣ የተፈጨ ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር ጠጡ። ስፌቱ ገና ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ።

ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት ካመለጠ፣ እራት ቀደም ብላችሁ ብሉ፣ አሳንሱት፣ ከመተኛት በፊት ተቀመጡ።

ለ6 ወር ሁሉን አድርጋችሁ አሁንም ጠጣሩ ሰገራ ካመለጠ ይህ የምግብ ጉዳይ አይደለም። ተመልሳችሁ ጡንቻው እንደገና ይፈተሽ፣ ደረጃ 3 ላይ ያሉት ሕክምናዎች አሁንም ክፍት ናቸው።

ለወላጆች

ልጃችሁ ፊንጢጣው ሳይከፈት ተወልዶ ኮሎስቶሚ ከወጣለት፣ ሥራው ሦስት ነው፦ ኮሎስቶሚ፣ የፊንጢጣ መሥራት፣ ከዚያ መዝጋት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ብረት የተሠራው ፊንጢጣ እንዳይጠብ በየቀኑ የማስፋት ሥራ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀመራል፣ ብረቱም በየሳምንቱ እየወፈረ ይሄዳል። ልጁ ያለቅሳል። ልባችሁ ይቆረሳል። ግን ካቆማችሁ ይጠባል፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይመጣል። በቅባት አለስልሱ፣ አንድ ሰው ይያዝ፣ አንድ ሰው ይሥራ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። የታዘዘው የብረት ቁጥር ላይ ሳይደርስ ኮሎስቶሚው እንዲዘጋ አትጎትጉቱ።

ደረጃ 9፦ ለማይዘጋላችሁ፣ በውሃ መቆጣጠር

ኮሎስቶሚያችሁ ቋሚ ከሆነና በግራ በኩል ካለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ የወጣ ከሆነ፣ በቀን ወይም በሁለት ቀን አንዴ በውሃ አጥባችሁ ቀሪውን ጊዜ ያለ ሰገራ መዋል ይቻላል። ለቀጭን አንጀት መውጫ አይሆንም። ኮሎስቶሚው የወጣ ሥጋ ወይም እበጥ ካለው፣ ሆድ በጨረር ከታከመ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ፣ ወይም ኮሎስቶሚ ያለው ሕፃን ከሆነ አይደረግም። ሐኪም ይፍቀድ፣ የመጀመሪያውን ነርስ ታሳያችሁ።

1. ፈልቶ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ሊትር አዘጋጁ። በ500 ጀምሩ። በእጃችሁ ጀርባ ሞክሩት፣ ማቃጠልም መቀዝቀዝም የለበትም።
2. የውሃውን ከረጢት ተቀምጣችሁ በትከሻችሁ ልክ ስቀሉ። ከፍ ባለ ቁጥር ቁርጠት ይጨምራል።
3. አየሩን ከቱቦው አስወጡ።
4. ጫፉ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ለስላሳ ጎማ ይሁን። ጠንካራ ቱቦ ወደ ውስጥ አትግፉ፣ አንጀት ይበሳል።
5. ውሃውን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀስታ አስገቡ። ከቆረጠ ዝጉት፣ ተንፍሱ፣ ሲለቅ ቀጥሉ። አልገባ ካለ በጉልበት አታስገቡ።
6. ረዥሙን የመውጫ ከረጢት ወደ መፀዳጃው አድርጋችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ ብዙው በአንዴ ይወጣል፣ ቀሪው እየቆየ።
7. አጽዱና ትንሽ መሸፈኛ ለጥፉ።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ካደረጋችሁት አንጀት በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። እስከዚያ መደበኛውን ከረጢት አታውልቁ። ውሃው ገብቶ ካልወጣ ተራመዱ፣ ሆዳችሁን በቀስታ እሹ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ፤ ሌላ ውሃ ግን አትጨምሩ፣ በማግሥቱ ይደገማል። ደም ከወጣ ወይም ሕመሙ ውሃው ከወጣ በኋላም ካልለቀቀ አቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።